ሳይቃጠል በቅጠል፤ የብርዱ ወራትና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ

አገር ቤት «ክረምት» ሲባል ዝናብና ጭቃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የበረደው ሰው ጋቢውን ይደርባል፤ ከሰል ይያያዛል፤ ቡና ይፈላል፤ ቀኑም እንደዚያው ያልፋል። ቶሮንቶ ላይ ክረምት የሚባለው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በጥርና በየካቲት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ ስላለ፣ ጋቢ ብቻውን የሚመክተው ብርድ አይደለም። በመሆኑም በሪጀንት ፓርክ፣ ከጄራርድ እስከ ሹተር፣ ከፓርላመንት እስከ ሪቨር ጎዳና ባሉት ሕንፃዎች የሚኖር ቤተሰብ፣ መስኮቱ ብርድ ያስገባ ወይም የግድግዳው ማሞቂያ የደከመ ሰሞን፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሂተር ገዝቶ መግባቱ የተለመደ ነው።

ሂተሩ ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ከካርቶኑ ወጥቶ ሶኬት ላይ እስኪሰካ የሚወስደው ጊዜ አንድ ጀበና ከሚፈላበት ያነሰ ነው። ይሁንና በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል እንደ ሂተርና እንደ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚስቡት ጥቂቶች ናቸው። ምጣዱ እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ይጠፋል፤ በአጠገቡም ሰው አይታጣም። ሂተሩ ግን ሰው ተኝቶም፣ ሰው ወጥቶም ይሠራል። የዛሬው ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፤ ሂተር እንደ ሬዲዮ የትም የሚሰካ ዕቃ ሳይሆን፣ እንደ ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ቦታና የራሱ ጠባቂ የሚያስፈልገው እሳት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በብሮንክስ የደረሰው

ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 እሑድ ረፋድ ላይ፣ በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ 19 ፎቅ ባለው አንድ የመኖሪያ ሕንፃ እሳት ተነሣ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 8ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከጋምቢያና ከሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የከተማው የእሳት አደጋ ኃላፊዎች የእሳቱን መነሻ ሲናገሩ፣ በአንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ለረዥም ሰዓት ሲሠራ የቆየ የኤሌክትሪክ ሂተር ተበላሽቶ ነው ብለዋል። የሕንፃው ማሞቂያ እየሠራ ነበር፤ ሂተሩ የተጨመረው ለተጨማሪ ሙቀት ነበር።

ከዚህ አደጋ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው የሂተሩ ነው። ሁለተኛው የበሩ ነው። እሳቱ የተነሣበት ቤት ሰዎች ሸሽተው ሲወጡ በሩ በራሱ መዘጋት ሲገባው ክፍት ቀረ፤ ጭሱም በኮሪደሩና በደረጃው ወደ ላይ ወጣ። የሞቱት ሰዎች በሙሉ የሞቱት በጭስ ታፍነው ነው። ነበልባሉ ከታች ሆኖ፣ ሞቱ ከላይ ፎቅ ደረሰ ማለት ነው። በተጨማሪም የሕንፃው የእሳት ደወል ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ይጮህ ስለነበር፣ በዚያን ቀን ሲጮህ እንደ ወትሮው መስሏቸው የተቀመጡ ነዋሪዎች እንደነበሩ ተናግረዋል።

እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ የተሰካ ሂተር የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከላዩም ከታቹም ጎረቤት አለው።

ሙቀቱ የማን ሥራ ነው?

ሂተር ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። በቶሮንቶ ከተማ ደንብ መሠረት፣ ሙቀት በኪራዩ ውስጥ ከተካተተ፣ አከራዩ በብርዱ ወራት ቤቱን ቢያንስ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የማቆየት ግዴታ አለበት። አከራዩ የግል ባለ ንብረትም ይሁን ቶሮንቶ ኮሚኒቲ ሃውዚንግ፣ ደንቡ አንድ ነው። የኦንታሪዮ የተከራዮች ሕግም አከራይ ሙቀትን፣ ውሃንና ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ አስፈላጊ አገልግሎቶችን እንዳያቋርጥ ይከለክላል።

ስለዚህ ቤቱ የቀዘቀዘበት ተከራይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሂተር ሳይሆን ቴርሞሜትር ነው። ቴርሞሜትሩን ከመስኮትና ከማሞቂያው ርቆ በክፍሉ መሐል አስቀምጦ፣ ጧትና ማታ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ከቀንና ከሰዓቱ ጋር በደብተር መጻፍ ነው። «ቤቱ ይበርዳል» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይታለፋል፤ «ማክሰኞ ጧት በ7 ሰዓት 17 ዲግሪ ነበር» የሚለው ግን አይታለፍም። (ሰዓቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይጻፍ፤ አለዚያ ጧቱ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይነበባል።) ከዚያ ለሕንፃው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከት፣ የማመልከቻውንም ቅጂ ማስቀረት፤ በቂ መልስ ካልተገኘ ወደ ከተማው አስተዳደር በ311 መደወል ነው። እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው 311 ሲደውል አስተርጓሚ ሊጠይቅ ይችላል።

ብዙ ወገኖች «ካማረርኩ ያስወጡኛል» በሚል ፍርሃት ዝም ይላሉ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ነው፤ መንግሥትን ወይም ባለ ቤትን መክሰስ ጣጣ ከሚያመጣበት አገር የመጣ ሰው ይህ ቢሰማው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በኦንታሪዮ ሕግ፣ ተከራይ መብቱን ስለጠየቀ ብቻ ከቤት ሊወጣ አይችልም። አከራይ ማስወጣት ቢፈልግ እንኳ የተከራይና አከራይ ቦርዱ ሳይፈቅድለት ማስወጣት አይችልም።

ሪጀንት ፓርክ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ቦታ ነው። የቀድሞው ሪጀንት ፓርክ በ1940ዎቹ መጨረሻ መሠራት የጀመረ፣ የካናዳ የመጀመሪያው ትልቅ የመንግሥት መኖሪያ መንደር ነበር። ከ2005 ወዲህ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች በየተራ እየፈረሱ በአዲስ እየተተኩ ናቸው። ለአዲሶቹ ሕንፃዎች የተዘረጋው ሥርዓት እንደ ቀድሞው ጊዜ አይደለም፤ በሳክቪል ጎዳና ካለው የኃይል ማዕከል፣ ብርዱ ሲመጣ ሙቅ ውሃ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ቀዝቃዛ ውሃ በምድር ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ለየሕንፃው ይላካል።

ሙቀት ከሩቅ በቧንቧ በሚመጣበት ሕንፃ ሁሉ፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ጥፋቱ ሁልጊዜ በማዕከሉ ነው ማለት አይደለም። በግድግዳው ወይም በጣሪያው ያለው መንፊያ ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ፣ ሶፋ ወይም አልጋ በፊቱ ተገትሮ፣ አለዚያም መጋረጃ ተጥሎበት ሙቀቱ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ዕቃውን ማንሣት ምንም ወጪ የለውም። ማጣሪያው እንዲለወጥ ሱፐሩን መጠየቅም እንዲሁ።

ሶኬቱ የሚችለው ስንት ነው?

ከዚህ ሁሉ በኋላም አንዳንድ ቤት ተጨማሪ ሙቀት ሊያስፈልገው ይችላል። አራስ ያለችበት፣ አዛውንት ያሉበት፣ የታመመ ሰው የተኛበት ቤት ይኖራል። ሂተር ቢገዛ ነውር የለበትም። ሆኖም ሶኬቱ ምን ያህል እንደሚሸከም መታወቅ አለበት።

አገር ቤት ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ነው። በካናዳ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን፣ ብሬከሩ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ነው። ሁለቱ ሲባዙ 1,800 ዋት ይሆናል፤ ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ለብዙ ሰዓት ያለ ማቋረጥ ለሚሠራ ዕቃ ደግሞ ከጣሪያው 80 በመቶ ማለፍ አይገባም፤ ይህም 12 አምፔር ወይም 1,440 ዋት ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ተንቀሳቃሽ ሂተር በከፍተኛው ሲከፈት 1,500 ዋት፣ ማለትም 12.5 አምፔር ይስባል።

ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ሂተር ብቻውን የመስመሩን አቅም ይጨርሳል። በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ሲጨመር ብሬከሩ ይወድቃል። ሁለት ሂተር በሁለት የተለያየ ሶኬት ቢሰካም፣ ሁለቱ ሶኬቶች ከአንድ ብሬከር የሚመጡ ከሆነ ያው አንድ ሶኬት እንደማለት ነው። የትኛው ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደሆነ ለማወቅ፣ ብሬከሩን አጥፍቶ የትኛው መብራትና የትኛው ሶኬት እንደጠፋ ማየት ይበቃል።

አዲስ አበባ ላይ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ሽቦ የሚሳበው ለምን እንደሆነ የማያውቅ ባለ ቤት የለም። ምጣድ በመብራት ሽቦ ከተሠራ ሽቦው ይግላል፤ ሶኬቱ ይጠቁራል። እናቶች ለምጣድ ያላቸው ጥንቃቄ እዚህ ለሂተር ቢውል፣ ከአደጋው ብዙው በቀረ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በሱቅ ውስጥ «ሴራሚክ»፣ «ኢንፍራሬድ»፣ «ኢነርጂ ቆጣቢ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሂተሮች ዋጋቸው ከሌላው እጥፍ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን 1,500 ዋት የሚል ሂተር ስሙ ምንም ይሁን ምን የሚሰጠው ሙቀት አንድ ነው፤ ወደ 5,100 ቢቲዩ በሰዓት። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራ ማሞቂያ የሳበውን ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ከዚያ በላይ የሚሰጥም፣ ከዚያ በታች የሚቆጥብም የለም። ገንዘብ መጨመር ካስፈለገ ለስሙ ሳይሆን ለጥንቃቄው ይጨመር፦ ሲወድቅ በራሱ የሚጠፋ፣ ሲግል በራሱ የሚቆም፣ ቴርሞስታት ያለው፣ የሲ.ኤስ.ኤ. ወይም ሌላ በካናዳ የታወቀ የፍተሻ ማኅተም ያለበት። በውስጡ ዘይት የተሞላው ሂተር የጋለ ሽቦው ወደ ውጭ ስለማይታይ ልጆች ላሉበት ቤት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ልብስ ማድረቂያ አይደለም።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል»

ሂተር ብዙ ጊዜ እሳት የሚያስነሣው በድንገት ፈንድቶ አይደለም። እያሳሳቀ ነው። ሶኬቱ ሩቅ ስለሆነ ማስረዘሚያ ገመድ ይቀጠልለታል፤ ገመዱ ቀጭን ነው፤ ሰው እንዳይጠልፈው ምንጣፍ ይለበስበታል። 12.5 አምፔር በቀጭን ገመድ ውስጥ ሲያልፍ ገመዱ ይሞቃል፤ ምንጣፉ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይሆንም። ሁለተኛውም እንዲሁ። የገመዱ ልብስ ግን በየሌሊቱ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ስለዚህ ሂተር በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካል፤ በማስረዘሚያ ገመድም ሆነ ብዙ ቀዳዳ ባለው ማከፋፈያ አይሰካም። የሂተር አምራቾች መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የሚያሳስቅ ነገር ብሬከሩ ነው። ብሬከሩ በየሌሊቱ ሲወድቅ አንድ እጁ የቀና ጎረቤት ይጠራል።

«እትዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው። 15 ስለሆነ ነው የሚወድቀው፤ 30 አምጥቼ ልቀይርልዎ» ይላል።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ልጆቹም ሳል ይዟቸዋል» ይላሉ እናት።

ጎረቤቱ ቅን ሰው ነው፤ ያደረገው ግን ዘበኛውን ማባረር ነው። ብሬከር የተሠራው ሂተሩን ለመጠበቅ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ለመጠበቅ ነው። ለ15 አምፔር የሚዘረጋው ሽቦ ቁጥር 14 የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል፤ 30 አምፔር የሚሸከመው ቁጥር 10 ነው። ብሬከሩ 30 ሆኖ ሽቦው 14 ሆኖ ከቀረ፣ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ሲግል የሚያቋርጠው ነገር የለም። በአሮጌ ቤቶች ያለውን ፊውዝ በትልቅ ፊውዝ መተካትም ያው ነው። ብሬከር ደጋግሞ ከወደቀ መልእክቱ «ሸክም ቀንሱ» ነው።

ሂተሩ እየሠራ ፕላጉ ሲዳሰስ ቢግል፣ ሶኬቱ ቢላላ ወይም ቢጠቁር፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ቢሸት፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ቢል፣ ወዲያውኑ አጥፍቶ መንቀል፣ ለሕንፃውም ማሳወቅ ነው። ሂተር ከአልጋ፣ ከመጋረጃ፣ ከሶፋና ከልብስ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ነጠላ ወይም ጋቢ በላዩ አይሰጣ። ሰው ሲተኛና ከቤት ሲወጣ ይጥፋ። መኝታ ክፍሉን ማታ ቀድሞ አሙቆ፣ ሂተሩን አጥፍቶ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ መተኛት፣ ሂተር አብርቶ ከመተኛት የበለጠ ነው።

የራሱን ቤት ለገዛ

ከሪጀንት ፓርክ ወጥቶ ስካርቦሮ ወይም ብራምፕተን ቤት የገዛ ወገን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። ቤዝመንቱ ይቀዘቅዛል፤ ጋራዡ ሥራ ይሠራበታል፤ 1,500 ዋት አይበቃም። ለዚህ የሚሆነው በ240 ቮልት የሚሠራ ቋሚ ሂተር ነው። (ተከራይ ይህን ማስገባት የሚችለው በአከራዩ ፈቃድና በአከራዩ በኩል ብቻ ነው።)

መጠኑን ለመገመት፣ በደንብ ለታሸገ ክፍል ለአንድ ካሬ ጫማ 10 ዋት ማሰብ የተለመደ ነው። 10 በ12 ጫማ ለሆነ ክፍል 1,200 ዋት፣ 500 ካሬ ጫማ ለሆነ ጋራዥ 5,000 ዋት ይሆናል። ክፍሉ ካልታሸገ ግን ቁጥሩ አይበቃም፤ ገንዘቡን ለሂተር ከማዋል አስቀድሞ በመስኮቱና በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን ይቀድማል።

5,000 ዋት በ240 ቮልት ወደ 21 አምፔር ይስባል። የዚህ ዓይነት ሂተር መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የራሱ የብቻ መስመር፣ ባለ ሁለት እግር 30 አምፔር ብሬከርና ቁጥር 10 የመዳብ ሽቦ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዋናው የብሬከር ሣጥን አቅም ይታያል። ሣጥኑ 100 አምፔር ሆኖ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ልብስ ማድረቂያና ማቀዝቀዣ ካለበት፣ ሂተሩ ሲጨመር ይችል እንደሆነ በሒሳብ ይረጋገጣል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ቤቶች የአሉሚኒየም ሽቦ ሊገኝ ስለሚችል፣ መጋጠሚያዎቹ ልዩ አያያዝ ይፈልጋሉ። ቴርሞስታቱም ለ240 ቮልት የተሠራ መሆን አለበት፤ የጋዝ ፈርነስ ቴርሞስታት ለዚህ አይሆንም። ከወለሉ ጠርዝ ጋር የሚሄደው ቤዝቦርድ ሂተር ከሆነ፣ በላዩ ሶኬት አይደረግም፤ የተንጠለጠለ ገመድ ሊቃጠል ይችላልና።

ይህን ሥራ ማን ይሥራው? በኦንታሪዮ የኤሌክትሪክ ሥራን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሪካል ሴፍቲ ኦቶሪቲ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ እንደሚለው፣ ባለ ቤት በገንዘብ የሚቀጥረው ሰው የኮንትራክተር ፈቃድ ያለው ድርጅት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ምስክር ወረቀት መያዝ ብቻውን ከሕዝብ ጋር ተዋውሎ ለመሥራት አያበቃም። የፈቃዱ ቁጥር በመኪናውና በደረሰኙ ላይ ይጻፋል፤ በመሥሪያ ቤቱም ማጣራት ይቻላል። ኮንትራክተሩ ሥራውን ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል፤ ሲጨርስም ባለ ቤቱ የምርመራ ማረጋገጫ ወረቀቱን መጠየቅ አለበት። ባለ ቤት በራሱ መኖሪያ ቤት ራሱ እንዲሠራ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ እሱም ቢሆን አሳውቆና አስመርምሮ ነው። ያ ወረቀት ቤቱ ሲሸጥና ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ይፈለጋል።

«የአገር ልጅ ነው፤ በርካሽ ይሠራልኛል» ማለት ይኖራል። የአገር ልጅ ፈቃድ ካለው እሰየው፤ ገንዘቡ ከወገን ኪስ ወደ ወገን ኪስ ነው። ፈቃድ ከሌለው ግን ነገ እሳት ቢነሣ ሁለቱም ይከሰራሉ፤ ባለ ቤቱ በቤቱ፣ ሠራተኛው በሕግ።

ከአገር ቤት የመጣው ምጣድ

ስለ 240 ቮልት ከተነሣ ምጣዱን ማለፍ አይቻልም። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ምጣድ በ220 ቮልት 3,500 ዋት ነው እንበል። እዚህ የግድግዳ ሶኬት ላይ በ120 ቮልት ቢሰካ፣ ቮልቱ ወደ ግማሽ ስለወረደ ኃይሉ ግማሽ የሚሆን ይመስላል፤ ነገር ግን ኃይል የሚወርደው በቮልቱ ስኩዌር ልክ ስለሆነ የሚቀረው 1,040 ዋት ያህል ነው። ዓይን የማያወጣ እንጀራ ምክንያቱ ሊጡ ብቻ አይደለም። በ240 ቢሰካ ደግሞ ወደ 4,165 ዋት ይወጣል፤ ከተሠራበት 19 በመቶ ይበልጣል፤ 17 አምፔር በላይ ይስባል። ይህን በተቆረጠና በቴፕ በተጠቀለለ ገመድ ከምድጃው ሶኬት ጋር ማገናኘት፣ ከላይ ስለ ሂተር የተባለውን አደጋ በሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ማምጣት ነው።

የሚሻለው መንገድ የካናዳ የፍተሻ ማኅተም ያለው መጋገሪያ መግዛት ነው። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች እንጀራ የሚጋግሩበት በ120 ቮልት የሚሠራው ክቡ መጋገሪያ፣ መጀመሪያ የተሠራው ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ሌፍሰ የሚባለውን ስስ ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት ነበር። አንዱ ስደተኛ የሠራውን ሌላው ወረሰው። ይህም ቢሆን የራሱን መስመር ይፈልጋል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሂተሩ በዚያው መስመር ላይ አይክፈት።

ቢሉስ?

1,500 ዋት ሂተር በየቀኑ 8 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 360 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለምሳሌ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 10 ሳንቲም ቢሆን 36 ዶላር ነው፤ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢሠራ ከ100 ዶላር ያልፋል። የጋራዡ 5,000 ዋት በ8 ሰዓት ሒሳብ 120 ዶላር ይመጣል። እያንዳንዱ ቤት በቢሉ ላይ ያለውን የራሱን ዋጋ በ10 ሳንቲሙ ቦታ አስገብቶ ማስላት ይችላል። ዋጋው በሰዓት በሚለያይበት የኦንታሪዮ አከፋፈል፣ በብርዱ ወራት የሥራ ቀን ውዱ ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጧቱ 7 እስከ 11፣ ከማታው 5 እስከ 7 ነው፤ ከማታው 7 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድም ይረክሳል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነና የኤሌክትሪክ ቢል በስሙ የሚመጣለት ቤተሰብ፣ ከ2016 ጀምሮ ባለው የኦንታሪዮ የኤሌክትሪክ ድጋፍ ፕሮግራም ከቢሉ ላይ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ ቤቱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ቤተሰብ ቅናሹ ከፍ ይላል። ማመልከት ነፃ ነው።

መብራት ሲጠፋ

በዲሴምበር 2013 በቶሮንቶ በወረደው የበረዶ ዝናብ 300,000 የሚሆኑ የቶሮንቶ ሃይድሮ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ ገና በጨለማ የዋለባቸው ብዙዎች ነበሩ። በዚያን ሰሞን ለመሞቅ ሲሉ በቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ፣ በጋራዥ ውስጥ ጄኔሬተር ያስነሡ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታመሙ፤ በኦንታሪዮ የሞቱም ነበሩ። የከሰል ጭስ ቤት ዘግቶ የተኛን ሰው እንደሚገድል አገር ቤት የማይታወቅ ነገር አይደለም። እዚህ ደግሞ መስኮቱና በሩ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ጥብቅ ሆኖ ስለተሠራ፣ አደጋው ይብሳል። መብራት ቢጠፋ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ መደራረብ፣ ከተማው ወደሚከፍተው ማሞቂያ ማዕከል መሄድ፣ ወይም ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል። ምድጃን ከፍቶ ቤት ማሞቅም አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ኢንሹራንስ አንድ ቃል። ኦገስት 21 ቀን 2018 ከሪጀንት ፓርክ በስተሰሜን፣ በዚያው በፓርላመንት ጎዳና ቁጥር 650 በሚገኘው ሕንፃ፣ ከሕንፃው የኤሌክትሪክ ሥርዓት በተነሣ እሳት ወደ 1,500 ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ከአንድ ዓመት በላይ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ጥፋቱ የነዋሪዎቹ አልነበረም፤ ችግሩ ግን የነሱ ሆነ። የሕንፃው ባለቤት ኢንሹራንስ የተከራዩን ሶፋ፣ ልብስ፣ ቴሌቪዥንና የሆቴል ወጪ አይከፍልም። የተከራይ ኢንሹራንስ ከአንድ ማኅበር የወር መዋጮ ያልበለጠ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ዋጋውን መጠየቅ አይጎዳም።

እንግዲህ ይህን ጋዜጣ ከምግብ ቤት ይዞ የሚገባ አንባቢ ዛሬ ማታ የሚሠራው ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሂተሩ የተሰካበትን ፕላግ በእጁ ይዳስስ፤ ማስረዘሚያ ገመድ ካለ ያንሣ፤ ከአልጋው ያርቅ፤ የጭስ ደወሉን ቁልፍ ተጭኖ መጮኹን ይስማ፤ የቤቱ በር ሲለቀቅ በራሱ ይዘጋ እንደሆነ ይይ። በሩ ካልተዘጋ ወይም ደወሉ ካልጮኸ ነገ ጧት ለሕንፃው ይናገር። ጎረቤት አማርኛ ማንበብ የማይችል ከሆነም ይነገረው፤ እሳቱ ቋንቋ አይለይምና። በሚቀጥለው እትም ስለ ተከራይ ኢንሹራንስ ውል አነባበብ ይቀርባል። እስከዚያው ቤቱ ይሙቅ፣ እሳቱም በሥፍራው ይሁን።